የክር መጥበቅና መላላት፦ መኪናውን ከመጣል ክሩን ማስተካከል

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልብስ ስፌትና የስፌት መኪና ጥገና ባለሙያ የቀረበ ንግግር)






ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማርና ስለ እህል ገበያ ብዙ ቁም ነገር አስጨብጠውናል። እኔ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ስፌት መኪና ነው። «የገበሬን ማኅበር ከስፌት መኪና ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከመልሱ ልጀምር።

የንብ አናቢው ቱታና የፊት መሸፈኛ ይሰፋል። የተቀደደ ጆንያ ይጣፋል። የልጆቻችን የተማሪ ልብስ ይሰፋል። በጋዝጊብላ መሬት ጠባብ ነው፤ ዳገቱም ድንጋያማ ነው። ማረሻ የሚያሳርፍበት መሬት ያላገኘ ወጣት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት፣ በአንድ የስፌት መኪና ቤት ሊያስተዳድሩ ይችላሉ። ያ እናትና ያ ወጣት ደግሞ የማኅበራችን አባላት ናቸው፤ አለዚያም የአባላት ልጆችና ሚስቶች ናቸው። መኪናው ሲቆም የሚጎዳው ቤታችን ነው።

በሙያዬ ምክንያት ከአስከተማ እስከ ሰቆጣ ብዙ «ተበላሸ» የተባለ መኪና ከፍቼ አይቻለሁ። አብዛኛው አልተበላሸም። ችግሩ የክር መጥበቅና መላላት ነው። ይህን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በካቻቢቴና በትዕግሥት ሊያስተካክለው ይችላል።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። የሴቶች ማኅበር ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በብድር 3 የስፌት መኪና ገዝተው የተማሪ ልብስ ለመስፋት ተዋዋሉ። ካኪው ተገዛ፣ ተቆረጠ፣ ተሰፋ፣ ተከፋፈለ። ልጆቹ ሱሪውን ለብሰው ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ስፌቱ ከብሽሽቱ እየተተረተረ መጣ። ወላጆች ልብሱን መለሱ፤ ክፍያው ተያዘ። እኅቶቻችን «መኪናው ነው ጉድ የሠራን» ብለው 2ቱን መኪና ዕቃ ቤት አስገቡ። ስጠራ ሄጄ አየሁ። የአንደኛው መኪና የላይ ክር በማጥበቂያው ሳህኖች መካከል አልገባም፤ በላያቸው ላይ ነበር የሚያልፈው። የሌላው የቦቢን ቤት ሞላ ሥር የጨርቅ ብናኝ ታጭቆበታል። ከ2 መርፌ በቀር የተቀየረ ዕቃ የለም። መኪናዎቹ በአንድ ጠዋት ተስተካከሉ፤ ውሉ ግን ለሌላ ተሰጥቶ ስለ ነበር አልተመለሰም። የብድሩ ወር ደግሞ ውል የለም ብሎ አይጠብቅም።

እንግዲህ ዛሬ ስለ ክር የምናገረው ይህን የመሰለ ጉዳት እንዳይደገም ነው።

ጥቂት ስለ መኪናው ታሪክ

በአገራችን የስፌት መኪናን ሁሉ «ሲንጀር» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. በአሜሪካ የስፌት መኪና የባለቤትነት ማረጋገጫ ካገኘው ከይስሐቅ ሲንጀር ነው። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1846 ዓ.ም. ኤልያስ ሃው የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በሁለት ክር እየቆለፈ የሚሰፋ መኪና አስመዝግቦ ነበር። መኪናው በዚያን ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ አቅም ከባድ ስለ ነበር የሲንጀር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋውን በየጊዜው እየከፈሉ የሚወስዱበትን አሠራር ዘረጋ። ስለዚህ የስፌት መኪናና ብድር ከጥንት ጀምሮ አብረው የሄዱ ናቸው።

የኅብረት ሥራም ታሪክ ከጨርቅ ሥራ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የጋራ ሱቅ ከከፈቱት 28 ሰዎች መካከል ሸማኔዎች ነበሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የእኛን ተረት ባይሰሙትም ቁም ነገሩ ገብቷቸዋል።

ሁለቱ ክሮች እንዴት ይያያዛሉ?

ማዳበሪያ የሚመጣበትን ጆንያ አስቡት። የአፉን ስፌት ከትክክለኛው ጫፍ ይዛችሁ ስትስቡት ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ይተረተራል። ክሩ በራሱ ቀለበት ውስጥ እየገባ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ ነው። ይህ ለጆንያ አፍ መልካም ነው፤ ለሱሪ ግን አይሆንም።

ልብስ የምንሰፋበት መኪና በሁለት ክር ይሠራል። አንዱ ከላይ ይመጣል፤ ሌላው ቦቢን ላይ ተጠምጥሞ ከታች ይቀመጣል። መርፌው የላዩን ክር ይዞ ጨርቁን ወግቶ ይወርዳል። ተመልሶ ጥቂት ከፍ ሲል ክሩ ቀለበት ይሠራል። ከታች ያለው መንጠቆ ይህን ቀለበት ይዞ በቦቢኑ ዙሪያ ያሳልፈዋል፤ ሁለቱ ክሮችም ይቆላለፋሉ። ከዚያ የክር ማንሻው ትርፉን ክር ወደ ላይ ስቦ ቁልፉን ያጠብቀዋል።

ቁልፉ መቀመጥ ያለበት በሁለቱ ጨርቆች መካከል ነው። እዚህ ላይ ገበሬ የሆነ ሰው ፈጥኖ ይገባዋል። ጥማድ በሬ በእኩል ከሳበ ትልሙ ቀጥ ይላል፤ አንዱ ከበረታ ሌላውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ክርም እንዲሁ ነው። የጠበቀው ክር የላላውን ወደ ራሱ ይጎትታል።

የላዩን ክር የሚያጠብቀው ሁለት ቀጫጭን ሮንዴላ የመሰሉ ሳህኖች፣ ሞላና ዳዶ ያሉት ክፍል ነው። ዳዶውን ወደ ቀኝ ስታዞሩት ሞላው ሳህኖቹን ይጫናል፤ ክሩ ይጠብቃል። ወደ ግራ ስታዞሩት ይላላል። የታቹን ክር የሚያጠብቀው በቦቢን ቤቱ ጎን ያለው ቀጭን ሞላና በላዩ ያለው ትንሽ ብሎን ነው።

ምልክቱን ማንበብ

በሙያችን አንድ መመሪያ አለ፦ ከስር የታየው ጥፋት ብዙውን ጊዜ የላዩ ክር ነው፤ ከላይ የታየው ጥፋት ደግሞ ወይ የላዩ መጥበቅ ነው፣ ወይ የታቹ መላላት ነው። ብዙ ሰው ክሩ ከስር ተተብትቦ ሲያይ የቦቢኑን ብሎን መነካካት የሚጀምረው ይህን ስለማያውቅ ነው። አንዱን ሳያስተካክል ሌላውን ያበላሻል።

ከጨርቁ ስር ክሩ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ከተተበተበ የላዩ ክር ላልቷል፤ ወይም ጨርሶ በሳህኖቹ መካከል አልገባም።

ከጨርቁ ላይ የታቹ ክር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየና የላዩ ክር ቀጥ ብሎ ከተጋደመ የላዩ ክር ጠብቋል፤ ወይም የታቹ ላልቷል።

ስስ ጨርቅ በስፌቱ መስመር ላይ ከተጨማደደ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ጠብቀዋል።

ሁለቱን ጨርቆች ወዲያና ወዲህ ስትስቡ በመካከላቸው ክሩ እንደ መሰላል እርከን ከታየ ደግሞ ሁለቱም ላልተዋል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ስፌቱ ያማረ ይመስላል። ልጁ ለብሶት ሲሮጥ ነው ጉዱ የሚታየው።

መኪናው ስፌት እየዘለለ ከሄደ ግን ወደ ማጥበቂያው አትሂዱ። ያ በአብዛኛው የመርፌ ችግር ነው፤ መርፌው ጎብጧል፣ ደንዟል ወይም አገባቡ ልክ አይደለም።

ቅደም ተከተሉ

ዳዶ መንካት የመጨረሻው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት የሚከተሉትን በተራ አድርጉ።

1ኛ. ክሩን አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ። ክሩን ስታስገቡ ጨርቅ የሚጫነው እግር ወደ ላይ የተነሣ ይሁን። እግሩ ሲነሣ ሳህኖቹ ይከፈታሉ፤ ሲወርድ ይገጠማሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ብታስገቡ ክሩ በሳህኖቹ መካከል መግባቱ ቀርቶ በላያቸው ሊያልፍ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ እግሩ ተነሥቶ ክሩን ስትስቡት እንደ ልቡ ይምጣ፤ እግሩን አውርዳችሁ ስትስቡት ያዝ ያድርጋችሁ። ልዩነት ከሌለ ክሩ ቦታው አልገባም፤ ወይም ሳህኖቹ መካከል ቆሻሻ አለ።

2ኛ. መርፌውን ተመልከቱ። በመስተዋት ወይም በሌላ ለጥ ያለ ነገር ላይ አስተኝታችሁ ጎብጦ እንደሆነ እዩ። መርፌ በአንድ ጎኑ ረጅም ቦይ አለው፤ ቦዩ ክሩ ወደሚገባበት ጎን መዞር አለበት። ቁጥሩም ከጨርቁ ይስማማ፦ ለስስ ጨርቅ 11 (75)፣ ለመካከለኛ 14 (90)፣ ለካኪ 16 (100)፣ ለወፍራም ጅንስ 18 (110)። ባለሙያዎች ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከተሠራ በኋላ መርፌ መቀየርን ይመክራሉ። በእኛ አገር አንድ መርፌ እስኪሰበር ድረስ መሥራት የተለመደ ነው። ይህ ቁጠባ አይደለም፤ በመርፌ ዋጋ ሱሪ ማበላሸት ነው።

3ኛ. ክሩን ፈትኑ። በእጃችሁ ሳቡት። በትንሽ ጉልበት ከተበጠሰ፣ ፀሐይና ጊዜ በልቶታል። እዚህም እዚያም ከተቋጠረ ወይም ውፍረቱ ከተለያየ በሳህኖቹ መካከል በእኩል ሊያልፍ አይችልም። የላዩና የታቹ ክር በዓይነትም በውፍረትም አንድ ይሁኑ።

4ኛ. ቦቢኑን እዩ። ክሩ በእኩል መጠምጠም አለበት፤ በአንድ በኩል አብጦ በሌላ በኩል ከጎደለ አውጥታችሁ እንደገና ጠምጥሙት። ክሩ በቦቢን ቤቱ ቀዳዳ አልፎ ከሞላው ሥር መግባቱን አረጋግጡ።

5ኛ. አጽዱ። መኪናው ያለበት ክፍል ብዙውን ጊዜ አቧራ አለው፤ ካኪም ብናኝ ይጥላል። እግሩን አንሥታችሁ ንጹሕ የጨርቅ ቁራጭ በሳህኖቹ መካከል ወዲያና ወዲህ አመላልሱ። የመርፌውን ሳህን ፈትታችሁ ጨርቅ የሚጎትቱትን ጥርሶች በብሩሽ ጥረጉ። በቦቢን ቤቱ ሞላ ሥር የወረቀት ጠርዝ አስገብታችሁ ብናኙን አውጡ። በሞላው ሥር የገባ ጥቂት ብናኝ ክሩን ከሞላው ያርቀዋል፤ ያን ጊዜ ብሎኑን ብታጠብቁት እንኳ ክሩ አይያዝም።

6ኛ. የታቹን ክር መዝኑ። ይህ የሚሠራው ተወስዶ የሚወጣ የቦቢን ቤት ላለው መኪና ነው። ቦቢኑን ቤቱ ውስጥ አድርጋችሁ በክሩ ጫፍ አንጠልጥሉት። በራሱ ክብደት እየተተረተረ ከወረደ ላልቷል። እጃችሁን ወደ ላይ ነቅ ስታደርጉት ጥቂት ወርዶ ከቆመ ልክ ነው። ብትነቀንቁት ንቅንቅ ካላለ ጠብቋል። ብሎኑን ለማዞር ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃል፤ መጠኑ የሰዓት ቆጣሪ 5 ደቂቃ ከምትሄደው አይብለጥ። ብሎኗ ትንሽ ናት፤ ከወደቀች አትገኝም። ስለዚህ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ በላዩ ሥሩ።

7ኛ. አሁን ዳዶውን አስተካክሉ። የምትሰፉትን ጨርቅ ቁራጭ ሁለት አጥፋችሁ ሞክሩ፤ ካኪ ለመስፋት በአቡጀዲ አይሞከርም። ለሙከራ ከላይ ነጭ ከታች ጥቁር ክር አድርጉ፤ የትኛው ወደ የት እንደተሳበ ዓይን ይፈርዳል። ዳዶውን በትንሽ በትንሹ አዙሩ፤ አንድ ጊዜ ባዞራችሁ ቁጥር አንድ ስንዝር ሰፍታችሁ እዩ።

በመጨረሻም ስፌቱን ሳቡት። ጨርቁን በሰያፍ አጥፋችሁ ስፉና ስፌቱን በርዝመቱ በሁለት እጅ ሳቡ። የላዩ ክር ብቻ ከተበጠሰ የላዩ ጠብቋል። የታቹ ብቻ ከተበጠሰ የታቹ ጠብቋል። ሁለቱም አብረው ከተበጠሱ ወይም ሁለቱም ከቻሉ ተመጣጥነዋል። የስፌቱ ርዝመትም በአንድ ሳንቲ ሜትር 4 ያህል ይሁን፤ ከዚያ ከሰፋ ጥሩ ክርም አይችልም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካልተስተካከለ ያን ጊዜ ባለሙያ ጥሩ። ሳህኖቹ በክር ተፍቀው ቦይ አውጥተው ይሆናል፤ ሞላው ደክሞ ወይም ተሰብሮ ይሆናል፤ የመርፌው ሳህን ቀዳዳ ተጫጭሮ ክር እየላገ ይሆናል።

ስለ ዘይትና ስለ ቅዝቃዜ

የምግብ ዘይት ለስፌት መኪና አይሆንም። ሲውል ሲያድር እንደ ሙጫ ይይዛል። እንዲህ የያዘ መኪና ካለ ጥቂት ላምባ አድርጎ ማላቀቅ፣ መጥረግና ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ማጠጣት ነው። ላምባ ከእሳት ይራቅ። በማጥበቂያው ሳህኖች መካከል ግን ምንም ዘይት አይገባም፤ ክሩም ጨርቁም ይቆሽሻል። በደጋው ጠዋት ዘይቱ ስለሚወፍር ክር ሳታስገቡ እግሩን አንሥታችሁ ጥቂት አሽከርክሩት።

የሰሜኑ ጦርነት በነበረባቸው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሥራ ፈትቶ የቆየ መኪና ካለም ሞላውና ሳህኑ ዝጎ ይሆናል። «አርጅቷል» ብሎ ከመሸጥ በፊት በእነዚህ 7 ደረጃዎች ይሞከር።

ለንብ አናቢዎች አንድ ቃል

የፊት መሸፈኛው መረብ ስስ ነው፤ ቱታው ወፍራም ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ለቱታው የተስተካከለ ክር መረቡን ይጨማድደዋል፤ ለመረቡ የተስተካከለው ቱታው ላይ ይላላል። ስለዚህ በመረቡ ጠርዝ ላይ መጀመሪያ የጨርቅ ጥብጣብ ስፉበት፤ ከዚያ ጥብጣቡን ከቱታው አገናኙት። ጨርቅ ከጨርቅ ጋር ይስማማል። ሰው ልልውን ስፌት ላያየው ይችላል፤ ንብ ግን አትስተውም።

ለአመራሮችና ለኃላፊዎች

ከ7ቱ ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ መርሆች 5ኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ መስጠት ነው። መኪና ገዝቶ መስጠት የሥራው ግማሽ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የስፌት መኪና ያለበት እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ጽዳቱንና የክሩን ማስተካከል የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑረው። ቢቻል ሴት ትሁን፤ መኪናው ላይ የምትውለው እርሷ ናትና።

ሁለተኛ፣ መርፌ፣ ቦቢን፣ የቦቢን ቤት፣ ሞላና ቺንጋ ዩኒየኑ በአንድ ላይ ገዝቶ ያቅርብ። አንድ ሰፊ ለአንድ መርፌ ከቀበሌ ሰቆጣ ድረስ ቢሄድ የቀኑ ሥራ ይቀራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የተማሪ ልብስ ውል ሲፈረም አስቀድሞ የናሙና ስፌት ይፈተሽ። እዚሁ እንደነገርኋችሁ ተስቦ ይታይ። 5 ደቂቃ አይፈጅም። ልብሱ ከተከፋፈለ በኋላ ከመክሰስ ከመከፋፈሉ በፊት መሳብ ይሻላል። ውሉ ላይ የምትፈርሙ ኃላፊዎች ይህን ብታደርጉ ሰፊዋም ትጠቀማለች፤ ጥፋቷን በጊዜ ታውቃለች፤ ልጁም በክፍል ጓደኞቹ ፊት አያፍርም።

በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን በይፋ ሲነገር የሕፃናት መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ነበር ቃል የተገባው። የልጅ ማዕድ በእናት ገቢ ይሰፋል። የእናት ገቢ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በሞላ ሥር በገባች ጥቂት ብናኝ ይቋረጣል። ትልቁን ቃል የምንጠብቀው እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ስንጠብቅ ነው።

ንግግሬን ስጨርስ ከዚህ አዳራሽ ውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ 2 መኪና አዘጋጅቻለሁ። አንዱ የላይ ክሩ ላልቷል፤ ሌላው የታች ክሩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ከየማኅበሩ አንድ አንድ ሰው መጥቶ ስፌቱን ይይ፣ ይሳብ፣ ያስተካክል። ካኪውም ክሩም ተዘጋጅቷል።